ጠዋት የሚያነክስ፣ ረፋድ ላይ የሚሮጥ ልጅ፦ ሰውነት ራሱን ስለሚያጠቃባቸው የልጆች በሽታዎች

አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ አለች እንበል። ጠዋት ስትነሳ እንደ ወትሮዋ ከአልጋ ዘላ አትወርድም። ጠርዙን ይዛ ቀስ ብላ ትንሸራተታለች። ደረጃውን በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ትወርዳለች። እናቷ "እግርሽን አሞሻል እንዴ?" ስትላት "አላመመኝም" ትላለች። አራት ሰዓት ላይ ከወንድሟ ጋር ትሯሯጣለች። ቤቱም ነገሩን ይረሳል። በማግስቱ ጠዋት ግን እንደገና መንፏቀቅ።

እንዲህ ሲሆን አብዛኞቻችን ምን እንደምንል ይታወቃል። "ወድቃ ነው የሚሆነው።" "ጫማው ጠቧታል።" "ቅብጠት ጀምራለች።" ቁርጥማት የአያቶች ነው ብለን ስለደመደምን የሦስት ዓመት ልጅ ጉልበት ውስጥ አንፈልገውም። አለ ግን። የመገጣጠሚያ ብግነት ገና ድክ ድክ የሚሉትንም ይይዛል። በጊዜ ከተደረሰበት ደግሞ ዛሬ ጥሩ ሕክምና አለው። የሚያሳዝነው ብዙ ልጆች ትክክለኛው ሐኪም ፊት የሚቀርቡት ከወራት መንገላታት በኋላ መሆኑ ነው።

ሰውነት ራሱን ያጠቃል ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰውነታችን ውስጥ ጀርም ሲገባ የሚያባርር ጥበቃ አለ። የግቢ ውሻ በሉት። ሌባ ሲመጣ ይጮኻል፣ ይነክሳል። ሥራው ነው። ጣታችሁ ተቆርጦ ዙሪያው ሲቀላ፣ ሲሞቅና ሲያብጥ ያ ውሻ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ይህን መቅላት፣ መሞቅና ማበጥ ሐኪሞች ብግነት ይሉታል። ጀርሙ ሲወገድ ውሻው ይተኛል፣ እብጠቱም ይወርዳል።

አንዳንዴ ግን ውሻው የቤቱን ሰው መለየት ያቅተዋል። ሌባ በሌለበት ቤተሰቡን ይነክሳል። አንዴ ከጀመረ ደግሞ በቀላሉ አይተውም። እንዲህ ዓይነቱ በሽታ ኦቶኢሚዩን ይባላል። መገጣጠሚያን፣ ጡንቻንና ጅማትን የሚያጠቁት በሽታዎች ደግሞ በጥቅሉ ሩማቲክ ይባላሉ። ሁለቱ ስሞች ብዙ ጊዜ ይደራረባሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። እነዚህን የሚያክም ስፔሻሊስት የሩማቶሎጂ ሐኪም ነው።

ውሻው ለምን ይሳሳታል? ለአብዛኞቹ በሽታዎች አንድ ቁርጥ ያለ መልስ የለም። በዘር የሚመጣ ዝንባሌ አለ፤ በዚያ ላይ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ቀስቃሽ ይደረብበታል። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ የበላችው ነገር አይደለም። ብርድ መትቶትም አይደለም። ከልጅ ወደ ልጅም አይተላለፍም። አብሮ መጫወትም፣ አንድ አልጋ ላይ መተኛትም ይቻላል።

የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት ከአዋቂዎቹ በምን ይለያል?

ለረጅም ጊዜ ከሚቆዩት የልጆች የመገጣጠሚያ በሽታዎች ውስጥ በብዛት የሚታየው ስሙ ረጅም ነው፦ ጁቬናይል ኢዲዮፓቲክ አርትራይተስ። ሲፈታ "መነሻው ያልታወቀ የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት" እንደማለት ነው። ሐኪም ይህን ስም የሚሰጠው ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው ሲጀምረው፣ ብግነቱ ቢያንስ 6 ሳምንት ሲቆይ እና ሌላ ምክንያት ተፈልጎ ሲታጣ ነው። ከ1,000 ልጆች አንዱን ገደማ ይይዛል ተብሎ ይገመታል። አዲስ በሽታም አይደለም። ጆርጅ ፍሬድሪክ ስቲል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1897 ስለነዚህ ልጆች ጽፏል።

መገጣጠሚያን እንደ ኮት እዩት። ኮት ገበር እንዳለው ሁሉ መገጣጠሚያም ውስጡ ስስ ገበር አለው። ይህ ገበር አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚያለሰልስ ጥቂት ፈሳሽ ያመነጫል። ብግነት ሲነሳ ገበሩ ይወፍራል፣ ፈሳሹም ይበዛል። ጉልበቱ ይሞላል። ከሎሚው ግራና ቀኝ ያለው ጎድጎድ ያለ ቦታ ይጠፋል። ልጁን አስተኝታችሁ ሁለቱን ጉልበት ጎን ለጎን ብታዩ አንደኛው ድቡልቡል ብሎ ታገኙታላችሁ። በመዳፋችሁ ጀርባ ብትነኩት ሞቅ ይላል። ይህ ነገር ሳይታከም ከከረመ የወፈረው ገበር የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ ልባስ መብላት ይጀምራል። የተበላው ደግሞ እንደነበረ አይመለስም። ሐኪሞች "ቶሎ፣ ቶሎ" የሚሉት ለዚህ ነው።

ልጅ ገና እያደገ ስለሆነ አዋቂ ላይ የማይታይ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ብግነት ደም ይስባል። ደም የበዛበት የአጥንት ጫፍ ደግሞ ፈጥኖ ያድጋል። በዚህ ምክንያት የታመመው እግር ከጤነኛው ረዝሞ ሊገኝ ይችላል። ብዙ ሰው የሚገምተው ተቃራኒውን ነው። መንገጭላ ላይ ሲሆን ግን እድገቱን ይገታዋል። አገጭ ትንሽ ሆኖ ይቀራል፣ አፍ እንደ ልብ አይከፈትም።

በሽታው አንድ ወጥ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ቢበዛ 4 መገጣጠሚያ ብቻ የሚይዝ አለ፤ ይህኛው ትንንሽ ሴት ልጆች ላይ ይበዛል። 5 እና ከዚያ በላይ የሚይዝ አለ። ጅማት አጥንት ላይ የሚያያዝበትን ቦታ፣ ለምሳሌ ተረከዝን፣ የሚያጠቃም አለ፤ ይህ ደግሞ ከፍ ከፍ ያሉ ወንዶች ልጆችን ይመርጣል። ከሁሉ የሚያደናግረው መላ ሰውነትን የሚይዘው ነው። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ 39 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ይነሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። ትኩሳቱ ሲወጣ ሮዝ ሽፍታ ብቅ ይላል፣ ሲወርድ ይጠፋል። ልጁ ሲያተኩሰው ዝልፍልፍ ይላል፣ ሲበርድለት ይጫወታል። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንዲህ ይቀጥላል። አንቲባዮቲክ ይሰጣል፣ ይቀየራል፣ እንደገና ይቀየራል። ለውጥ የለም። መገጣጠሚያው እስኪያብጥ ደግሞ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

ለምን ጠዋት?

ሌሊቱን ሙሉ መገጣጠሚያው ሳይንቀሳቀስ ሲያድር ያበጠው ገበርና የተጠራቀመው ፈሳሽ ቦታውን ገትሮ ይይዘዋል። ስንራመድ ይፈታታል። ስለዚህ ብግነት ያለበት ልጅ ጠዋት ይከፋል፣ እየዋለ ይሻለዋል። ሞቅ ባለ ውኃ ሲታጠብ ይፈታል። ከሰዓት እንቅልፍ ወይም ከረጅም የመኪና ጉዞ በኋላም እንደገና ሊገተር ይችላል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ሰዓቱን ያዙ። የትኛው እግር እንደሆነ እንኳ ቢጠፋባችሁ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚብስ ለሐኪሙ መንገር ትልቅ ነገር ነው።

ብዙ ወላጆች "የእድገት ሕመም ነው" ተብለው ይመለሳሉ። የእድገት ሕመም የሚባል ነገር በእርግጥ አለ፤ ግን ሰዓቱ የተገላቢጦሽ ነው። የሚመጣው ማታ ወይም ሌሊት ነው። ሁለቱንም እግር ነው የሚያመው፣ ቅልጥሙን ወይም ጭኑን። ታሽቶለት ይተኛል። ጠዋት ምንም አይታይበትም፤ አያነክስም፣ አያብጥም። ልጅ ጠዋት ካነከሰ ወይም አንድ መገጣጠሚያው ካበጠ "የእድገት ነው" የሚለው ማብራሪያ አይሠራም።

ሦስተኛ ዓይነት ሰዓትም አለ፤ ይህ ያስፈራል። ልጁን ከእንቅልፉ እየቀሰቀሰ የሚያስለቅስ የአጥንት ሕመም፣ በዚያ ላይ መገርጣት፣ ክብደት መቀነስ፣ ያለምክንያት መበለዝ። የደም ካንሰር አንዳንዴ የመገጣጠሚያ በሽታ መስሎ ይመጣል። ለዚህ ነው ሐኪሙ ስቴሮይድ የሚባለውን ኃይለኛ የብግነት መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የደም ምርመራ የሚያዘው። ስቴሮይድ ካንሰሩን ለጊዜው ሊሸፍነው ይችላል።

አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ልጁ "አትንኩኝ" እያለ፣ ትኩሳትም ካለው ደግሞ ነገን አትጠብቁ። መገጣጠሚያው ውስጥ ባክቴሪያ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ያ የሰዓታት ጉዳይ ነው።

ልጁ "አላመመኝም" ካለስ?

ይላል። ትንሽ ልጅ ሕመሙን የሚናገረው በአፉ ሳይሆን በመተው ነው። እቀፉኝ ማለት ይጀምራል። ብስክሌቱን ይተዋል። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ መጫወት ይተውና እየቆመ ይጫወታል። በግራ እጁ መብላት ይጀምራል። ጽሑፉ ይበላሻል። አንዳንዱ የተገተረውን መገጣጠሚያ ስለለመደው ሁሉም ሰው እንዲህ ነው ብሎ ያስባል።

እንግሊዝ አገር ውስጥ የተዘጋጀና ፒጋልስ የሚባል የሁለት ደቂቃ ገደማ የልጆች ምርመራ አለ። ሐኪሙ ልጁን ከመንካቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃል። መገጣጠሚያው፣ ጡንቻው ወይም ጀርባው ላይ ሕመም ወይም መገተር አለ? ያለ እርዳታ ለመልበስ ይቸገራል? ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይቸገራል? እነዚህን ማንም ወላጅ ቤቱ ሊጠይቅ ይችላል። የሁለተኛው ጥያቄ ብልሃት ይገርመኛል። ሸሚዝ መቆለፍ ጣት ነው፣ እጅጌ ማጥለቅ ትከሻና ክርን ነው፣ ካልሲ ማድረግ ዳሌና ጉልበት ነው። አንድ ጥያቄ ግማሹን ሰውነት ይፈትሻል።

ዓይን ከጉልበት ጋር ምን አገናኘው?

የውሻው ሌላ ተወዳጅ ቦታ ዓይን ነው። ይህ የመገጣጠሚያ ብግነት ካለባቸው 10 ልጆች ከአንድ እስከ ሁለቱ የዓይናቸው ውስጠኛ ክፍል ይቆጣል። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ምንም ድምፅ አያሰማም። ዓይን አይቀላም፣ አያምም፣ አያለቅስም። ልጁ በደንብ ያያል፣ ወይም የሚያይ ይመስላል። በዚህ መካከል ውስጡ ጠባሳ ይፈጠራል፣ የዓይን ሞራና ግላኮማ (የዓይን ግፊት) ይከተላል። ወላጅ የሚነቃው ብሌኑ ክብነቱን አጥቶ ቅርጹ ሲዛባ ወይም ልጁ ዕቃ ሲስት ነው። ያኔ ረፍዷል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሳያም መታየት። ልጁ አገጩን ማስደገፊያ ላይ ያደርጋል፣ የዓይን ሐኪሙ ቀጭን ብርሃን እያበራ በልዩ ማጉያ ያያል። አያምም፣ መርፌ የለውም። አደጋው ከፍ ያለባቸው፣ ማለትም በትንሽነታቸው የጀመራቸው፣ ጥቂት መገጣጠሚያ የያዛቸውና ኤ.ኤን.ኤ. የሚባለው የደም ምርመራ ፖዘቲቭ የሆነባቸው ልጆች፣ በየ3 ወሩ መታየት አለባቸው። ጉልበታቸው ቢሻላቸውም። ዓይኑና ጉልበቱ ተጠያይቀው አይታመሙምና።

የጉሮሮ ሕመም ልብ ድረስ እንዴት ይሄዳል?

እዚህ ላይ ውሻው ለምን እንደሚሳሳት በከፊል ይታወቃል። ሩማቲክ ፊቨር ከስሙ ጀምሮ ሰው ያደናግራል። መነሻው ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም ነው፤ ብዙዎቻችን ቶንሲል የምንለው። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመውጋት መሣሪያ ይሠራል። የባክቴሪያው ልባስ ግን በከፊል የልባችንን ሥጋ ይመስላል። ሌባው የቤቱን ሰው ጃኬት ለብሶ የመጣ ያህል ነው። ሌባው ከሄደ በኋላም ውሻው ጃኬቱን ያየበትን ሁሉ ይነክሳል።

የሚበዛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። የጉሮሮው ሕመም ድኖ ተረስቶ፣ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይመጣል። ጉልበት ያብጣል፤ እሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ የእጅ አንጓ። ሕመሙ ይዘዋወራል። ከፍተኛ ሕመም ነው፣ ልጁ አንሶላ ሲነካው ይጮኻል። መገጣጠሚያው ግን ሙሉ ለሙሉ ይድናል። ጠባሳ የሚቀረው ልብ ላይ ነው። የድሮ ሐኪሞች "መገጣጠሚያን ይልሳል፣ ልብን ይነክሳል" ይሉ ነበር። የልብ በሮች ይቆስላሉ። ወይ በደንብ አይዘጉም፣ ወይ በደንብ አይከፈቱም። በሽታው ሲደጋገም ጉዳቱ ይጨምራል።

አንዱ መልኩ በተለይ ብዙ ልጅ አስገርፏል። ልጅቷ ድንገት ብርጭቆ መጣል ትጀምራለች። እጇ ሳታዝዘው ይወራጫል። ፊቷ ሳታስበው ይጨማደዳል። ጽሑፏ የሌላ ሰው ይመስላል። አልቅሺ አልቅሺ ይላታል። መምህሩ "ሥርዓት የላትም" ይላል። የሕክምና ስሙ ኮሪያ ነው፤ ከአገሩ ጋር አይገናኝም፣ ጭፈራ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ሐኪሙ "ጣቴን ጨብጪኝ" ይላታል። ትጨብጣለች፣ ይላላል፣ ትጨብጣለች፣ ይላላል። ላም እንደምታልብ። ምላሷን አውጥታ ማቆየትም ያቅታታል። ይህ ምልክት ከጉሮሮው ሕመም ወራት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው አይገኝም።

መከላከያው የታወቀ ነው። ባክቴሪያው ያመጣው የጉሮሮ ሕመም በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ በተገቢው አንቲባዮቲክ ከታከመ ሩማቲክ ፊቨር አይከተልም ማለት ይቻላል። አንዴ የያዘው ልጅ ደግሞ ባክቴሪያው ተመልሶ እንዳይገባበት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል። ለስንት ጊዜ? ልቡ ካልተነካ ቢያንስ ለ5 ዓመት ወይም 21 ዓመት እስኪሞላው፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን። ልቡ ላይ ጉዳት ከቀረ እስከ 40 ዓመቱ ሊደርስ ይችላል። መርፌው ያማል፤ ምንም ማስዋብ አያስፈልግም። ልጁ "ደህና ነኝ እኮ፣ ለምን እወጋለሁ?" ሲል መልሱ መነገር አለበት፦ መርፌው የዛሬውን ሳይሆን የሚቀጥለውን ንክሻ ነው የሚያስቀረው።

ሌሎቹስ?

ብዙ ናቸው። በጥቂቱ ብቻ ልጥቀስ።

ሉፐስ ብዙ የአካል ክፍል በአንዴ ይነካል። እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ሕመምተኞች የሚጀምራቸው በልጅነትና በጉርምስና ነው፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ድካም፣ ትኩሳት፣ የፀጉር መሳሳት፣ አፍ ውስጥ ቁስል፣ ፀሐይ ሲነካ የሚብስ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው የጉንጭ ሽፍታ። የሚያስፈራው ኩላሊት ነው፤ እሱም እንደ ዓይኑ ዝም ብሎ ነው የሚጎዳው። ስለዚህ በየቀጠሮው ሽንት ይመረመራል። አረፋ የበዛበት ሽንት ወይም ጠዋት የሚያብጥ ፊት ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ጁቬናይል ደርማቶማዮሳይቲስ ጡንቻና ቆዳ ይይዛል። ልጁ ከመሬት ሲነሳ በራሱ ጭን ላይ እየተመረኮዘ ነው የሚቆመው። የዓይኑ ቆብ ወይን ጠጅ ይመስላል፣ የጣቶቹ አንጓ ላይ ቀላ ያሉ ሸካራ ነጥቦች ይወጣሉ። ፀጉሯን ለማበጠር እጇን ማንሳት ያቃታት ልጅ ሰነፍ አይደለችም።

ካዋሳኪ ስሙን ያገኘው ከጃፓናዊው የሕፃናት ሐኪም ቶሚሳኩ ካዋሳኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ 50 ልጆች ጽፎ አሳተመ። በብዛት የሚይዘው ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ነው። 5 ቀንና ከዚያ በላይ የማይወርድ ትኩሳት፣ ዓይናር የሌለው የቀላ ዓይን፣ የተሰነጠቀ ቀይ ከንፈር፣ እንጆሪ የመሰለ ምላስ፣ ሽፍታ፣ ያበጠ እጅና እግር፣ አንገት ላይ ንፍፊት። የልብን ሥጋ የሚመግቡ የደም ሥሮች ይነፋሉ። ካልታከመ ከአራት ልጆች አንዱ ገደማ ላይ ይህ ይደርሳል። በ10 ቀን ውስጥ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለው መድኃኒት በደም ሥር ከተሰጠ ወደ 5 በመቶ አካባቢ ይወርዳል። 5ኛው ቀን ላይ "ትንሽ እንየው" ማለት እዚህ ዋጋ ያስከፍላል።

እግርና መቀመጫ ላይ ከፍ ከፍ ያሉ ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች፣ ከሆድ ቁርጠትና ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ከመጡ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ይችላል። አይጂኤ ቫስኩላይቲስ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይተዋል። ኩላሊቱ ግን ዘግይቶ ሊነካ ስለሚችል ለ6 ወር ያህል ሽንት ይታያል። ሲጫኑት የማይጠፋ ነጠብጣብ ከትኩሳትና ከመልፈስፈስ ጋር ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔ ድንገተኛ ክፍል።

አንድ የደም ምርመራ አይነግረንም?

አይነግረንም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ኤ.ኤን.ኤ. የሚባለውን ውሰዱ። ከ10 ጤነኛ ልጆች አንዱ ላይ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱን ይዞ "ልጄ ሉፐስ አለባት" ብሎ መደንገጥ አይገባም። ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው ሌላው የደም ምርመራ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ የመገጣጠሚያ ብግነት ካለባቸው ልጆች አብዛኞቹ ላይ ኔጌቲቭ ነው። "ምርመራው ንጹሕ ነው፣ ልጁ ምንም የለውም" ማለትም ስህተት ነው። ኤ.ኤስ.ኦ. የሚባለው የደም ምርመራ ከፍ አለ ማለት ልጁ በቅርብ ስትሬፕቶኮከስ አግኝቶታል ማለት ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን በሽታ አይደለም። ለቁጥሩ ብሎ ልጅን ለዓመታት ፔኒሲሊን መውጋት ልክ አይሆንም። ሐኪሙ ምልክቶቹን፣ የልብ አልትራሳውንድን እና ምርመራውን አንድ ላይ አድርጎ ነው የሚወስነው።

ባጭሩ፣ ምርመራ ታሪኩን ያጠናክራል፣ ታሪኩን አይተካም። ያበጠ ጉልበት በእጅ ተነክቶ ከታወቀ የደሙ ውጤት ጥሩ ስለሆነ አላበጠም አይባልም።

ሕክምናው ምን ይመስላል?

እንደ በሽታው ይለያያል። እስቲ የመገጣጠሚያ ብግነቱን እንያዝ።

መጀመሪያ እንደ አይቡፕሮፌን እና ናፕሮክሰን ያሉ የሕመምና የብግነት ማስታገሻዎች አሉ። ያሻላሉ፣ ግን ውሻውን አያሠለጥኑትም። አንድ ሁለት መገጣጠሚያ ብቻ ከሆነ ስቴሮይድ በቀጥታ መገጣጠሚያው ውስጥ ይወጋል። ትንንሾቹ ለጥቂት ደቂቃ ተኝተው ነው የሚሠራላቸው። ብዙ ጊዜ አንዱ መርፌ ለወራት ያሳርፋል።

ይህ ካልበቃ ሜቶትሬክሴት ይመጣል። ብዙ ወላጅ ኢንተርኔት ላይ ስሙን ፈልጎ "የካንሰር መድኃኒት" የሚል ሲያነብ ይደነግጣል። እውነት ነው፣ ለካንሰርም ይሰጣል። እዚህ የሚሰጠው መጠን ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። የአሜሪካና የቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ሐኪሞች በጋራ የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት ልጆችን እንደሚጠቅም አሳየ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በየቀኑ በስህተት መውሰድ ሊገድል ይችላል። ቀኑን መርጣችሁ የቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቡበት። ሁለተኛ፣ ለመሥራት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። በሦስተኛው ሳምንት "አልሠራም" ብሎ መጣል የተለመደ ስህተት ነው።

ማቅለሽለሽ ያመጣል። መድኃኒቱ ቢጫ ነው፤ አንዳንድ ልጅ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ነገር ገና ሲያይ ያቅለሸልሸዋል። ይህ ማስመሰል አይደለም፣ አእምሮ የተማረው ነገር ነው። ፎሊክ አሲድ ይረዳል። ከክኒን ወደ መርፌ መቀየር፣ ወይም ማታ ከመኝታ በፊት መስጠት የሚረዳቸው አሉ። ለሐኪሙ ንገሩት እንጂ ዝም ብላችሁ አታቋርጡ። በየጊዜው የጉበትና የደም ምርመራም አለ።

ከዚያ በላይ የሚፈልግ ልጅ ባዮሎጂክ የሚባሉት አሉለት። የቀደሙት መድኃኒቶች ግቢውን በሙሉ ጸጥ የሚያሰኙ ናቸው። ባዮሎጂክ ግን ውሾቹ የሚጠራሩበትን አንዱን ጩኸት መርጦ ያፍናል። ኢታነርሴፕት ለልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላ አዳሊሙማብ፣ ቶሲሊዙማብና ሌሎችም ተከተሉ። የልጆቹን ዕጣ የቀየሩት እነዚህ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ውድ ናቸው፣ በሁሉም ቦታ አይገኙም። ከመጀመራቸው በፊት የተደበቀ ቲቢ መኖሩ ይመረመራል፤ ውሻው ሲታሠር ተኝቶ የነበረ ሌባ ሊነሳ ስለሚችል ነው።

ስቴሮይድ በክኒን ወይም በደም ሥር የሚሰጠው በሽታው ሲበረታ ነው። እሳት ማጥፊያ ነው፣ ፈጣን ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ፊት ያሳብጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የቁመት እድገት ይገታል። ለሳምንታት የወሰደ ልጅ በአንድ ጊዜ ማቆም የለበትም። ሰውነቱ ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ተፈጥሯዊ ስቴሮይድ መሥራት ስላቆመ ድንገት ቢቋረጥ ልጁ ራሱን እስከ መሳት ይደርሳል። ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ክትባትስ? ከሞቱ ጀርሞች የሚሠሩት ክትባቶች ይቀጥላሉ። እንደ ኩፍኝ ክትባት ያሉ ሕይወት ያላቸው ደካማ ጀርሞች ያሉባቸው ግን መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ላይ ላለ ልጅ ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አይሰጡም። እንዲህ ያለ ልጅ ያልተከተበ ሆኖ ጉድፍ ወይም ኩፍኝ ካለበት ሰው ጋር ከተገናኘ በዚያው ቀን ደውሉ።

ድሮ እነዚህን ልጆች ማስተኛትና እግራቸውን ማሰር የተለመደ ነበር። ዛሬ ይህ ተትቷል። ዋና፣ ብስክሌት፣ ኳስም ቢሆን፤ ልጁ የቻለውን ያህል ይጫወት። መገጣጠሚያ የሚገተረው በእንቅስቃሴ እጦት ነው። ፊዚዮቴራፒስት የሚሰጠውን መልመጃ ቴሌቪዥን እያየ ቢሠራውም ይሠራል።

ይድናል ወይስ ዕድሜ ልክ ነው?

ሐኪሞች "ዳነ" ከሚሉ "በሽታው ተኝቷል" ማለት ይመርጣሉ። እብጠት የለም፣ መገተር የለም፣ ዓይኑም ንጹሕ ነው። ብዙ ልጆች እዚህ ይደርሳሉ፤ ከነሱም መድኃኒቱን ሙሉ ለሙሉ የሚያቆሙ አሉ። ከዓመታት በኋላ የሚመለስባቸውም አሉ። እንደ ዓይነቱ ይለያያል፣ ከሁሉ በላይ ግን ሕክምናው በጀመረበት ጊዜ ይለያያል። ሲሻለው ማቋረጥ ግን ወላጅ ብቻውን የሚወስነው አይደለም። ተኝቷል ማለት ሄዷል ማለት አይደለምና።

ሐኪም ጋር ስትሄዱ

የዚያች የሦስት ዓመት ልጅ ቀጠሮ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ነው እንበል። ሐኪሙ የሚያየው ኮሪደሩ ላይ ስትሮጥ ነው። "ደህና ናት" ቢል አይፈረድበትም። ስለዚህ ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ በስልካችሁ ቅረጿት። አንድ ደቂቃ ይበቃል። በባዶ እግሯ ሆና ወደ እናንተ ትምጣ፣ ከዚያ ትመለስ። ደረጃ ካለ ደረጃው ላይ። ስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፉ፣ መቼ እንደተፈታታች ጻፉ። ትኩሳት ካለ ልኬቱን ከነሰዓቱ። ሽፍታ ከወጣ ወዲያው ፎቶ አንሱት፣ እስክትደርሱ ሊጠፋ ይችላል። ምርመራ ክፍል ስትገቡም ካልሲዋን አውልቁላት። ያበጠ ቁርጭምጭሚት ከካልሲ በላይ አይታይም።